በልጅ ጆሮ ቁመት

ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ማይክ ላጥፋው። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። የድምፅ መሣሪያ የምናከራይ ሰዎች ተሰብስበን ያለ ማይክ ስናወራ ያየ ሰው «ዕቃቸውን ሸጠው ጨረሱ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ጋሼ ቀንስን ነው። እሳቸው ፊት ማይክ ይዞ የሚጮህ ጀግና ከመካከላችን የለም።

ጋሼ፣ የመጡበትን ቀን ላንሳው? አይፍሩ፣ ትንሽ ብቻ ነው የምጨምርበት።

የሰርግ አዳራሽ ነበር። ስፒከሮቹን ተክለን ጨርሰናል፣ ሙሽሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። አለቃችን «አዲሱ ባለሙያ» ብለው ያመጧቸው ሰው ለሙከራ ዘፈን ከፈቱ፣ ቀጥ ብለው ወደ ትልቁ ስፒከር ሄዱ፣ ፊት ለፊቱ ተንበረከኩና አንገታቸውን ደፉ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። አለቃችን ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ የኬብል ጥቅል እንደታቀፍኩ አቀረቀርኩ። ሹፌራችን ደግሞ ጸሎቱ ሲረዝምበት ሊያሳጥረው ብሎ «አሜን!» አለ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩን። ለካ ደረታቸው ላይ ትንሽ የድምፅ መለኪያ ይዘዋል። «ምን ሆናችሁ? የአምስት ዓመት ልጅ እዚህ ቢቆም ጆሮው ጋ የሚደርሰውን እየለካሁ ነው። ቀንሱት!» አሉ። ስማቸው በዚያው ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ በዚሁ «ጸሎት» ነው የምንጀምረው። ከጸሎቱ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ከዚያ መስመር ወዲህ ልጅ አይገባም። ልጅና መስመር ደግሞ ታውቃላችሁ፤ «አትለፍ» ካልከው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስለዚህ ጋሼ መስመሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ራሳቸው ይጠብቃሉ። የልጆቹን ጆሮ መከለያም አንድ በአንድ ጠርገው ያመጣሉ፤ ልጆቹ እንቢ ሲሉ ቀዩን፣ የጥንቸል ጆሮ ያለውን፣ ራሳቸው ያጠልቁታል። ሽበታም ጥንቸል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በየሳምንቱ እናያለን።

ያንን ለልጁ ልደት የደገሰውን አባትስ! ልጆቹ ከስፒከሩ ሥር ይዘላሉ፣ ሰውየው «ጨምር እንጂ! ለልቅሶ ነው እንዴ የጠራሁህ?» ብሎ ጮኸ። አለቃችን ላብ አጠመቃቸው። ጋሼ ግን ረጋ ብለው፣ «እጨምራለሁ ጌታዬ፤ መጀመሪያ ግን እዚህ ይምጡና ይንበርከኩ» አሉት።

«ምን?»

«ልጅዎ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ቁመቱ እስከዚህ ነው።»

ሰውየው ያን የመሰለ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እንግዶቹ ፊት፣ እልህ ይዞት ተንበረከከ። ጋሼ ልጆቹን ዞር አደረጉና ጨመሩለት። እንደ ፈንዲሻ ዘሎ ተነሳ! «ቀንሰው! ቀንሰው!» እያለ ልጁን አቅፎ ከመስመሩ ማዶ ሄዶ ቁጭ አለ።

እኔም አላመለጥኩም። ሆዴ ገፍቶ መድረክ ላይ ስሠራ አዩኝና፣ «ነይ ውረጂ» አሉኝ። «ነፍሰ ጡር ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም!» ብዬ ተቆጣሁ። «አንቺን ማን ተናገረሽ? እኔ የማወራው ውስጥ ካለው ሰው ጋር ነው» አሉ። እስክወልድ መጋዘን ውስጥ ኬብል ስጠቀልል ከረምኩ፤ አኩርፌያቸውም ነበር። ያቺ ልጅ ይኸው ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። ሌላ ክፍል ተደብቄ የከረሜላ ወረቀት ስገልጥ ትሰማኛለች። ጋሼ፣ በዚህ በዚህ እርስዎን ነው የምወቅሰው።

አሁን የምናገረውን ልጅዎን አስፈቅጃለሁ፤ እንዳይቆጡኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ግን ለምንድን ነው ይሄን ያህል የሚጨነቁት?» አልኳቸው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ወጣት ሳለሁ ከስፒከር ሥር አልጠፋም ነበር። ድምፁን ስለምደው ጆሮዬ የጠነከረ መሰለኝ፤ ለካ እየደከመ ነው። አሁን ስለማላምነው ነው መለኪያ የምይዘው። ልጅ ደግሞ ምስጢሩን የሚነግርሽ በሹክሹክታ ነው። ልጄ ትንሽ ሆና አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ታንሾካሹክልኝ ነበር። ‹ምን አልሽ?› እላታለሁ። ትደግመዋለች። ‹ምን አልሽ?› እላታለሁ። አንድ ቀን ‹ተወው አባዬ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንሾካሹካልኝ አታውቅም።»

ያን ቀን ነው ጉልበትዎ ሲንበረከክ ምን ይዞ እንደሚንበረከክ የገባኝ። ጋሼ፣ በየአዳራሹ የዘለሉት ልጆች ማን እንደጠበቃቸው አያውቁም። ስለ እነሱ እኛ እናመስግንዎ። ስለ ልጄ ደግሞ እኔ፣ እናቷ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። እወድዎታለሁ።

አይ፣ አላለቅስም። ብርጭቆ አንሱ። አታጋጩ! ሹፌር፣ ማራገቢያውን አጥፋልኝ፤ መስኮቱንም ዝጋው። አለቃ፣ ስልክዎን።

እድሜና ጤና ይስጥዎ ጋሼ። ጉልበትዎ ይረፍ፤ ቤትዎ ሳቅ አይጣ። ደህና የሚሰማው ጆሮዎ የቀኙ ነው አይደል? ለዚህ ነው ልጅዎን በቀኝዎ ያስቀመጥናት። በር ላይ ስንገናኝ «ለአባዬ የምነግረው ነገር አለኝ» ብላኛለች። በይ እህቴ፣ ጠጋ በይ። እኛ እንጠብቃለን።

...

አያችሁ? አያችሁ እንዴት እንደሳቁ! «ምን አልሽ?» አላሉም እኮ!

ጠጡ ጎበዝ፣ ለጋሼ ቀንስ። ቀስ ብላችሁ ግን፤ ገና እየነገረቻቸው ነው።