ማንም የማይጫወትበት ሜዳ

ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቄስና አንዲት ወጣት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አባ፣ እርስዎ ሰፈር መናፈሻው ውስጥ ያለው የመረብ ኳስ ሜዳ ሊፈርስ ነው» አለች ልጅቱ።

«ምን አጠፋ ልጄ?»

«የሚጫወትበት ሰው የለማ! አጥንተን ነው የደረስንበት።»

«በሩን ቆልፋችሁት ማን ይጫወትበት?»

«የተቆለፈው እንዳይበላሽ ነዋ።»

«ልጆቹማ አስፋልት ላይ መጫወት ጀመሩ። የልጅ ልጄን ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ገጭቷት ይኸው እግሯ በጄሶ ታስሯል።»

«ውይ፣ እግዜር ይማራት! እኛም እኮ ለሰፈሩ አስበን ነው። ሜዳው የአረጋውያን ማረፊያ ይሆናል፤ እርስዎም ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ።»

«እኔ መቼ ደከመኝ አልኩ? እሷ ናት እንጂ አልጋ ላይ ሆና ‹ሜዳው ተከፈተ ወይ?› እያለች የምትጠይቀኝ።»

ልጅቱ እግሯ ሥር ያለውን ቦርሳ ሳብ አደረገች።

«አንቺስ ይጁቤ የምትሄጂው ለሥራ ነው?» አሏት።

«ኧረ ዛሬ እረፍት ነኝ አባ። ከጓደኞቼ ጋር መረብ ኳስ ልንጫወት ነው።»

«እዚያ ድረስ?»

«ምን እናድርግ፤ ከተማው ውስጥ ክፍት ሜዳ አጣን እኮ!»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።