የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ደጅ

በቢቸና፣ ከገበያው በላይ ባለው ተዳፋት፣ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ካረፉ በኋላ አንድ ወንድ ልጃቸው ውበቴም በንዳድ ሞቶባቸው ብቻቸውን ቀሩ። ደጃቸው ግን የተመሰገነ ነበር፤ አንዲት ቅጠል ብቅ ካለች ውላ አታድርም፣ መሬቱም ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል። ጎረቤቱ ንጽሕና ነው ይላል። እርሳቸው ግን ፍርሃት መሆኑን ያውቃሉ። በአገራችን «ደጅህ ሣር ያብቅል» ማለት ዘርህ ይጥፋ ማለት ነውና፣ እርግማኑ ደረሰባት እንዳይባሉ ይጠርጉ ነበር።

በሰኔ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ የእርሻ አስተማሪ፣ የሞጣው ተወላጅ ደምለው፣ በዚያ ሲያልፍ ዝናብ ደረሰበትና ከክዳናቸው ሥር ተጠለለ።

«ግባ ልጄ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉት።

እርሱ ግን ዓይኑን ከግድግዳው ሥር አልነቀለም። ቀይ ጎርፍ መሠረቱን እየላሰ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር።

«እናቴ፣ ይህ የመሠረት ድንጋይ ቤቱ ሲሠራ እንዲህ ይታይ ነበርን?»

«ኧረ አይታይም። መሪጌታ እስከ ጉልበታቸው ቆፍረው ነው የቀበሩት።»

«ታዲያ አፈሩ ወዴት ሄደ?»

«ዝናብ ወሰደው እንጂ ወዴት ይሄዳል።»

«ዝናብ ብቻውን አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጠዋት እርስዎ በመጥረጊያ የፋቁትን ነው ጎርፉ የሚወስደው። ሥር ያልያዘው አፈር እረኛ እንደሌለው ከብት ነው፤ ያገኘ ይነዳዋል። እንዲህ ከቀጠለ ቤቱ ብዙ ክረምት አይቆምም።»

ወይዘሮዋ ደነገጡ። የዚያን ግድግዳ ጭቃ ውበቴ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በእግሩ አቡክቶታል፤ ከልጃቸው እጅና እግር ሥራ የቀራቸው እርሱ ብቻ ነው።

«መላው ምንድን ነው?»

«ሞጣ፣ በወላጅ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ተክል አለ። ቁመቱ ከጣት አይበልጥም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ አፈሩን ይሸፍነዋል። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ በክረምት የጠጣውን ቋጥሮ በጋውን ያልፋል። እንስራ ተሸክመው አያጠጡትም።»

«አይሆንም። ልጅ በሌለው ቤት ደጅ ላይ አረም? ሰው ምን ይለኛል? እባብም ይሸሸግበታል።»

«እባብ የሚሸሸገው በረጅም ሣር ነው፤ በዚህ ውስጥ እንቁራሪትም አትሰወርም። ስለ ሰው አፍ ግን ልጠይቅዎ። ደጅ ሣር የሚያበቅለው ለምንድን ነው?»

«የሚረግጠው ሰው ሲጠፋ ነዋ።»

«እውነት ነው። ይህ ግን ወፍ ዘራሽ አይደለም፤ ሰው ተክሎት፣ ሰው አርሞት ነው የሚጸድቀው። ያየው ሁሉ እዚህ ቤት ሰው አለ ይላል። ባዶ መሬትስ ስለ ማን ይመሰክራል?»

ዝናቡ ሲያባራ ወይዘሮዋ ወጥተው የተራቆተውን የመሠረት ድንጋይ በእጃቸው ዳሰሱ። በመጨረሻም «ልጄ ከሞተ ወዲህ የምጠርገው ቆሻሻ አልነበረም» አሉ። «በል አምጣው።»

ደምለው ሞጣ ደርሶ ሲመለስ ቁርጥራጩን በእርጥብ ጆንያ ይዞ መጣ፤ አብረውም ተከሉት። ጎረቤታቸው ይርጋነሽ «ወለተ ኢየሱስ ደከሙ መሰለኝ» ስትል ሰሙ፤ ግን አልነቀሉትም። በጋው ገባ፣ የሌላው ደጅ አቧራ ሆነ፣ የእርሳቸው እንደ ለመለመ ቆየ። በተከታዩ ክረምት ደግሞ ከደጃቸው የሚወርደው ውኃ ጠርቶ ወረደ። የይርጋነሽ ግድግዳ ግን በነሐሴ ተሰነጠቀ፤ እርሷም አንገቷን ደፍታ መጣች።

«እትዬ፣ ከዚህ ተክል ቢሰጡኝ። ስሙስ ማን ይባላል?»

ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው እየቆረጡላት ጥቂት አሰቡ።

«ውበቴ በይው» አሉ።

ልማድን ማክበር መልካም ነው፤ ቤት የሚያፈርሰውን ልማድ ግን አባቶችም ቢኖሩ ባልጠበቁት ነበር። ውበቴ ከተተከለ ወዲህ በዚያ ሰፈር አፈር ከቤት አልሸሸም፣ አቧራ የሕፃናትን ዓይን አላሳመመም፣ ሴቶችም ደጅ ለማጠጣት ብለው ውኃ አልቀዱም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም እናቶች በየደጁ «ውበቴን አትርገጥ» እያሉ ልጆቻቸውን ሲቆጡ በሰሙ ቁጥር ያለቅሱ ነበር፤ ልቅሶው ግን እንደ ድሮው አልነበረም።