ከወደቀው አውሮፕላን የተመለሰው ሣጥን

ካፒቶል ሂል ከሚባለው ሰፈር አንዲት ነጭ ባልቴት በታክሲዬ ጭኜ ወደ አውሮፕላን ሙዚየም ስነዳ፣ ስልኬ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲል ፈገግ አሉ። «የአባቴም ሥራ ይኼ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መንገድ መሪ ነበር» አሉኝ። አውሮፕላኑ ጠላት አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ወደቀ። ጠላትም መንገድ የሚያሳየውን መሣሪያ ማርኮ ወሰደው። «ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያው ተመለሰ። አባቴ ግን አልተገኘም። እኔ ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ።»

እግዜር ያጥናዎ ልላቸው ፈልጌ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ። ሶ፣ ፓርክ አደረግኩና አብሬያቸው ገባሁ። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መስታወት ውስጥ ያለችውን የብረት ሣጥን፣ ያንን ከጠላት የተመለሰውን መሣሪያ፣ ትክ ብለው ሲያዩዋት ቆዩና፣ «ከአባቴ ጋር የት እንደተለያችሁ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት።