ሥር ይዞ እንደሆነ

እንዴት አደርሽ ሀሊሞ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የትናንቱ ነፋስ ጣሪያችንን ነቅሎ ቶጎጫሌ ድንበር ሊያደርሰው ነበር እኮ! ጮክ ብዬ የማወራው የውሃው ጋሪ እስኪያልፍ ነው… አለፈ እንዴ? እንግዲህ አንዴ ጀምሬያለሁ።

ይቺን የዘይት ጣሳ ውስጥ ያለችውን ታያታለሽ? ጤና አዳም ናት። የእናትአለም ናት፤ የሾፌሩ የተሜ ሚስት። ሙሽራ ሆና ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ በሶብላና ጤና አዳም ነቅላ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ያመጣችው።

ችግኝ ከአገሩ ሲነቀል ይደነግጣል አይደል? በተተከለ ማግስት አንገቱን ይደፋል። ሞተ ማለት ግን አይደለም። ጥላ ታበጂለታለሽ፣ ሲመሻሽ ከሥሩ ውሃ ጠብ ታደርጊለታለሽ፣ ከዚያ… ትተይዋለሽ። መተዉ ነው ከባዱ። እንደ እኔ ያለ ሰነፍ ይችለዋል፤ ትጉህ ሰው ግን እንዴት አድርጎ?

አንድ ትጉህ እናት አውቃለሁ። አንቺ አታውቂያቸውም… እዚህ ግቢ እንዳይመስልሽ! እንደሳቸው ለችግኝ የሚጨነቅ ሰው በጅጅጋ የለም። ጠዋት ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ጓሮ ናቸው። ችግኙን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ… ብለው ይነቅሉታል። ለምን? ሥር ይዞ እንደሆነ ሊያዩ! ያዩና፣ ያዝኑና፣ መልሰው ይተክሉታል። በማግስቱም እንደዚሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሳቸው እግር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት እንቁላሉን ይሰብሩታል። ፍቅር እኮ ነው!

ውሃማ አይነፍጉም። በቀትር፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ የልብስ እጣቢውን ከነሳሙናው ይደፉበታል። ንጽሕና ይወዳሉ… ምን ያስቅሻል? ሻሽሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ እንጂ፣ ስለ ደግ ሰው ነው የማወራሽ።

ለሰውም እንዲሁ ናቸው። ምራታቸው ከመጣች ገና ክረምቱ አልወጣም፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ሆዷን ዳሰስ አድርገው «ገና ነው?» ይሏታል። በሰው ፊት! ለብቻዋ ቢጠይቋት ሐሜት ይሆናላ። ችግኙ የደረቀ ዕለት ደግሞ ቆመው አዩትና «ዘሩ ነው» አሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ነበረች። ምን ያድርጉ ታዲያ? እጃቸው ነው እንዳይሉ እጃቸው ወርቅ ነው።

ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ይቺ ናት። እናትአለም ባለፈው ሳምንት በነጠላዋ ሸፍና አመጣችልኝና «ይቺ እንኳ አንቺ ጋ ትትረፍ» አለችኝ። ትናንት ቴሌ ሄዳ ለእናቷ ደውላለች። ሻንጣዋም ታስሯል። ተሜ ዛሬ ከጭነቱ ሲመለስ ልትነግረው ነው… እስከዚያ አንድ ሰው «ልጄ፣ እረፊ» ቢላት ትፈታው ይሆናል። እኔ ምን አገባኝ?

እኔማ ለዚችም ምንም አላደረግሁላት። ጆንያ ጋረድኩላት፣ ውሃ ጠብ አደረግሁላት፣ ሥሯን አላየሁም። ይኸው… ጫፏን እይው። ቅጠል አወጣች። ዘሩ ነው እንግዲህ!

ውይ፣ ያ የእነተሜ መስኮት ተዘጋ? ነፋሱ ነው… ነፋሱ። ትንሽ ጮክ ልበል እንጂ፤ እኒያን ደግ እናት ሳልመርቃቸው አልገባም፣ አንቺም አሚን በይ። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ጉልበት ከድቷቸው በሰው እጅ ሲወድቁም ልክ እንደሳቸው የምትወድ፣ ልክ እንደሳቸው የምትጨነቅ ምራት አያሳጣቸው… ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን ገለጥ እያደረገች፣ ዳሰስ እያደረገች፣ በእንግዳ ፊት «ገና ነው?» የምትላቸው።