ለሺህ ጆሮ የተላከ ኑዛዜ

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ በዚያ ማክሰኞ ጧት ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሳፈሩ ማንም እንዲያያቸው አልፈለጉም። ቢቸና ላይ ደግሞ ቄስ ሳይታይ መኪና የሚሳፈርበት ቦታ የለም። አንዱ መስቀል ይሳለማል፣ አንዱ ሻንጣ ልያዝልዎ ይላል፣ ሌላው «አባ፣ ወዴት ነው በደኅና?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም «ሞጣ ዘመድ ልጠይቅ» እያሉ ሦስቴ ዋሹ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ኃጢአት ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸውና የራሳቸው ውሸት ቶሎ ጎረበጣቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ የተረፈው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር። አጠገቡ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ተቀምጣለች። ቄሱ አዘኑላት።

«እግዚአብሔር ይማረው ልጄ። ሕፃኑ ታሞብሽ ነው?»

«ሕፃን አይደለም አባ፣ ኮምፒውተር ነው» አለች ነጠላውን ገለጥ አድርጋ። «መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ብዬ ነው።»

ስሟ ብሩክታይት ነው። የየጁቤ ልጅ ስትሆን ሞጣ ላይ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ትሠራለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሰው ሞተ ብሎ የጣለውን ኮምፒውተር ፈትታ ካላስነሳች እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህኛውንም ቢቸና ካለ ዘመዷ ቤት፣ አቧራ ለብሶ አግኝታው ነው ያመጣችው።

«ሲነሳስ ምን ይሠራልሻል?» አሉ ቄሱ።

«እውነቱን ልንገርዎ? እጫወትበታለሁ።»

ቄሱ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። «የሰው ደም የምትመረምሪ ሴት፣ እንደ ልጅ?»

«እርስዎ ገበጣ ተጫውተው አያውቁም?»

«ተጫውቻለሁ እንጂ። ገበጣ ግን የሚያጫውትሽ ሰው ፊት ለፊትሽ ይቀመጣል። ጠጠር ቢሰርቅ እጁን ትይዥዋለሽ። የእናንተው ጨዋታ ከማን ጋር እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እዚህ ላይ ልክ ነዎት አባ። እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው።»

እንዴት እንደከሰረች ነገረቻቸው። ጨዋታው በኢንተርኔት ነው። ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው እየተጋገዘ ከተማ ይሠራል፣ ያርሳል፣ ይለዋወጣል። እሷ ሁለት ዓመት የፈጀ ከተማ ነበራት። ስምንት ወር አብሯት የሠራ፣ «እህቴ» እያለ የሚጽፍላት ጓደኛም ነበራት። አንድ ቀን ለበዓል ስጦታ ላስገባልሽ፣ የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ አላት። ሰጠችው። በማግስቱ ልትገባ ብትል ከተማው የሷ መሆኑ ቀርቷል።

«ታዲያ ለሌለ ከተማ አለቀስሽ?»

«ለከተማው አይደለም። ለሌለው ጓደኛዬ ነው ያለቀስኩት።»

መልሷ ቄሱን ደስ አሰኛቸው። ሽማግሌ ወጣትን ሲከራከር አንድ ጥሩ መልስ ሲያገኝ ድምፁ ይለዝባል፣ የሳቸውም ለዘበ። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጫወት ጠየቋት። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ እንደሆነ፣ አላርም እንደምትሞላ፣ ሲጮህ እንደምትዘጋ ነገረቻቸው። «አላርም ባልሞላ ግን ሌሊቱን ይበላዋል፤ ያንን አልክድም» አለች። ልክ ያለው ነገር አይጎዳም ብለው ቄሱም በዚህ ተስማሙ።

«ከዚያ ወዲህ» ቀጠለች ብሩክታይት፣ «ኢሜይሌንም ሳልጠረጥር አላነብም። ባለፈው ወር እንኳ አንዲት ባሏ የሞተባት የውጭ አገር ሴት ጻፈችልኝ። ጉሮሮዋን ታማ ሐኪም ሦስት ወር ሰጥቷታል። ልጅ የላትም። ሀብቷን ለእግዚአብሔር ሥራ ልታወርስ ትፈልጋለች። ለማንም እንዳትነግሪ ትላለች።»

ቄሱ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን አባ?»

«የዚችን ሴት ነገር። እኔ ለባለቤቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።»

ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዞር ሲሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምስጢሩ ከወጣ አይቀር የቀረውን ነገሯት።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ጸደንያ ስልክ ገዝታ ኢሜይል ከፍታላቸው ነበር። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው፤ የደብሩ ማኅተምም በእጃቸው ነው። በውጭ ያሉ የደብሩ ተወላጆች በዚያ በኩል ይጽፉላቸዋል። ከአምስት ሳምንት በፊት በተሰባበረ አማርኛ የተጻፈ፣ ልሞት ተቃርቤአለሁ የምትል የአንዲት ሴት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሀብቱ ያስብ ነበር። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ያሰቡት ስለ ነፍሷ ነው። የምትሞት ሴት ለካህን ቃሏን ሰጠች፤ ይህ ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ የሰማ ካህን ደግሞ አፉ የታሰረ ነው። «ለማንም አይንገሩ» የሚለው ቃል ለሌላው የሌባ ጥንቃቄ ነው፣ ለሳቸው ግን የንስሐ ሥርዓት መሰላቸው። አሁን በሻንጣቸው ውስጥ ማኅተምና ፊርማ ያረፈባቸው ሦስት ባዶ ወረቀቶች አሉ። ሀብቱን የሚያስተላልፈው ባንክ ቃሉን ራሱ ይሞላበታል ተብለዋል። ሞጣ የሚሄዱትም ማንም በማያውቃቸው ቤት ስካን አስደርገው ሊልኩ ነው።

ብሩክታይት አልሳቀችም። ስልኳን ከፍታ የደረሳትን ደብዳቤ አሳየቻቸው። ቄሱም የራሳቸውን አወጡ። ቃል በቃል አንድ ነው። «ጉሮሮዬ በሽታ ይበላኛል» የሚለው እንኳ አልተለወጠም። የሳቸዋ ሟች ክላራ ትባላለች፣ የብሩክታይቷ ሮዛ።

«አባ፣ ኑዛዜ ለስንት ጆሮ ነው የሚነገረው?»

«ለአንድ።»

«ይህ ለሺህ ጆሮ የተላከ ነው።»

ቄሱ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «የጨነቃት ሴት ብዙ በር ታንኳኳለች። ስሟንም የለወጠችው ፈርታ ይሆናል። እኔ ጠርጥሬ ሟች ባሳዝን በሰማይ ማን ይመልስልኛል?»

«ይሆናል። እኔ ደም እመረምራለሁ እንጂ ሟች አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ። ሰው ሊሞት ሲል ከካህን ምን ይፈልጋል?»

«ጸሎት ነዋ። ስሜን አንሡልኝ ይላል።»

«እንግዲያው ይጠይቋት። ለማያውቁት ኢሜይል መልስ መስጠት ቤት ውስጥ ሰው አለ ብሎ ለሌባ እንደመንገር ነው። እርስዎ ግን ቀድመው መልሰውላታል። ወረቀቱ ከሻንጣው አይውጣ እንጂ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ አይጎዳዎትም።»

ቄሱ ቃል በቃል እየነገሯት ጻፈችላቸው፦ «ልጄ ሆይ፣ ሀብትሽን ተይው። እውነተኛ ስምሽንና የምትፈሪውን ንገሪኝ። እስክታርፊ ድረስ በየቀኑ በጸሎት አስብሻለሁ።»

ሞጣ ደርሰው መናኸሪያው አጠገብ ሻይ አዘዙ። ሻዩ ሳይበርድ መልሱ መጣ፦ «ውድ የተወደዱ፣ ጸሎትዎ ተቀባይ ሆኗል። ማኅተም ያለው ወረቀት ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይላኩ። ባንክ ይዘጋል። ለማንም አይንገሩ።»

ቄሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ስሟን አልነገረችኝም» አሉ። «አርባ ዓመት ሰው ሲሞት አጠገቡ ቆሜአለሁ። ጸሎት ተሰጥቶት ስሙን የነፈገ፣ ባንክ ይዘጋል ብሎ ያጣደፈ ሟች አላየሁም። ይህች ሴት የለችም።»

አዘኑ። ከመታለላቸው ይልቅ ያሳዘናቸው ሌላ ነገር ነበር። «አምስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ጸልዬላታለሁ» አሉ።

«ጸሎትዎ አይጠፋም አባ። እሷ ባትኖርም ጉሮሮዋን የታመመች አንዲት ሴት የሆነ ቦታ አትጠፋም።»

ከዚያ በኋላ ብሩክታይት ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ማኅተም ያለበት ባዶ ወረቀት የያዘ ሰው በደብሩ ስም የፈለገውን ይጽፋል፤ በውጭ ያሉትም ተወላጆች የአባን ፊርማ አይተው ያላቸውን ይልካሉ። ጉዳቱ የታወቀ ለታ አባ ሌባ ይባላሉ፤ ሌባው ግን አገሩ እንኳ አይታወቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ» አለች። «የሚያጣድፍዎትን ደብዳቤ ያሳድሩት፤ ችኮላው የሱ እንጂ የርስዎ አይደለም።»

«እኔኮ ምስጢር መጠበቅ በጎ ነው ብዬ ነው።»

«የሚያውቁትን ሰው ምስጢር መጠበቅ በጎ ነው። የማያውቁት ሰው ምስጢር ጠብቅልኝ ሲልዎ ግን ቀድመው ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። እኔም ያኔ ለአንድ ሰው ብናገር ኖሮ ከተማዬ አይሄድም ነበር።»

ቄሱ ሦስቱን ወረቀቶች አውጥተው እዚያው ቀዳደዷቸው። «ጨዋታሽን ንቄ ነበር» አሉ ሲሰነባበቱ። «ለካስ አንቺ በከተማሽ የከፈልሽበትን ትምህርት እኔ በሻይ አገኘሁት።»

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ፣ ሦስቱን ውሸቶች ሳያስቀሩ ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። በዚያው ቀን ጉባኤው ማኅተሙ የሚቀመጥበት ሣጥን በሊቀ መንበሩ፣ የሣጥኑ ቁልፍ በጸሐፊው እጅ እንዲሆን ወሰነ። ከማያውቁት ሰው የመጣ ደብዳቤም ሁለት ሰው በተገኘበት እንዲነበብ ተስማሙ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሌባ የሚፈልገው ብቻውን ያለ ሰው ነውና ብቻውን የሚቀር ሰው እንዳይኖር አደረጉ። ወጣቶቹም ኢሜይል የማያውቁ ሽማግሌዎችን ማገዝ ጀመሩ፤ ሽማግሌዎቹም መጠየቅን እንደ ነውር መቁጠሩን ተዉት።

ያን ቀን ሕዝቡ ሲበተን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ብቻ ቀረች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት የሆናት፣ ገበያ ላይ ጨው የምትሸጥ ሴት ናት። ከጉያዋ ስልኳን አወጣች።

«አባ፣ ንስሐ ልገባ ነበር» አለች። «አንድ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ ለልጆችሽ አትንገሪ እያለ ይጽፍልኛል። ነገ የቤቴን ካርታ ልልክለት ነበር።»

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን አላወጡም። ከጎኗ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ይህ የንስሐ ነገር አይደለም» አሏት። «ልጆችሽን ጥሪያቸውና አብረን እናንብበው።»