የጽናት የጫጉላ አልጋ ሁለት አንሶላዎች

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ባይነሽ ደጉ
ዕድሜ፦ 68
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ በሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ ጥር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን በላቸው

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲታረም የምፈልገው ስለ እኔ የሚወራው ነው። በሆጤ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሳይቀር፣ «ባይነሽ በቅናት የገዛ አንሶላዋን ሰርቃ አጣቢዋን አሳሰረች» እንደሚባል ሰምቻለሁ። ቅናቱ እውነት ነው፤ ይጻፍ። ስርቆቱ ግን ሐሰት ነው። አንሶላዎቹን ማንም አልሰረቀም። ያሉበትን በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።

ሙሽራዋ ጽናት የሟች እኅቴ ልጅ ስትሆን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጥር 15 ቀን አሞጽ ገበየሁን አግብታ ኮምቦልቻ ገባች። በእኛ ምእመናን ዘንድ ሰርግ ሲኖር የሙሽሮቹን አልጋ በዋዜማው አንዲት ትልቅ ሴት ታነጥፋለች፤ አንጥፋም አጠገቡ ተንበርክካ ትጸልያለች። ደሴ ላይ ይህን ስሠራ የኖርሁት እኔ ነኝ። አነጣጠፉን የተማርሁት በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ የአንሶላ ጥግ ያበላሸች ልጅ እንደገና አንጥፋ እስክታሳይ ምሳ አትበላም ነበር። የሰዉን ልጆች አልጋ ሁሉ ካነጠፍሁ በኋላ፣ የራሴን ልጅ አልጋ እንዲያነጥፉ የተመረጡት የአሞጽ አክስት ወ/ሮ ፀሐይነሽ ሆኑ። ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ የአልጋ ልብስና የመጋረጃ ሱቅ አላቸው። ጽናት ደውላ «እታታ፣ አንቺ አትድከሚ። እትዬ ፀሐይነሽ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሳቲን አምጥተውልኛል፤ ወርቃማ ነው» አለችኝ። አልደከምሁም አልኋት።

ይሁን እንጂ ጠርዛቸውን በእጄ የጠለፍኋቸው ሁለት ነጭ የጥጥ አንሶላዎች ነበሩኝ። ለእርሷ ብዬ ነበር የሠራኋቸው። ሐሙስ ጥር 13 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ኮምቦልቻ ወርጄ ለከሪማ ሰጠኋት። ከሪማ የሐርቡ ከተማ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ሳለሁ እጄ ሥር ሠርታለች፤ አሁን ልብስ በማጠብና በመተኮስ ትተዳደራለች። ነጩን ከባለ ቀለም ጋር የማትዘፈዝፍ ሴት ናት። አጥባ፣ ተኩሳ፣ ዓርብ ሙሽሮቹ ቤት እንድታደርስልኝ ነገርኋት።

ሰኞ ጥር 17 ቀን ለቅልቅሉ ከዘመድ ጋር ወረድን። ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ሴቶቹ መኝታ ቤቱን ለማየት ገባን። ሳቲኑ ያብረቀርቃል። እልል ተባለ። ከሴቶቹ ሁለቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሞከሩት። አንዷ ብድግ ብላ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» እያለች የወ/ሮ ፀሐይነሽን እጅ ሳመች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሳነጥፍ እጄን የሳመ ሰው አልነበረም። በዚህን ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የእኔስ አንሶላዎች የት አሉ?» አልሁ። የጠየቅሁት አንሶላ ፈልጌ አይደለም፤ እልልታውን ለማቋረጥ ነው። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ የሉም። ወ/ሮ ፀሐይነሽ «ያቺ አጣቢ መቼ አመጣችና! እኔ በዓይኔም አላየሁ» አሉ። የአሞጽ አባት አቶ ገበየሁ እንግዳ ፊት ስላፈሩ በማግስቱ ለፖሊስ አመለከቱ፤ ከሪማ ተያዘች።

አቶ ገበየሁ የጠፋው «ሁለት አልጋ ልብስ ነው» ብለው ስላስመዘገቡ፣ ከከሪማ ቤት ባለ አበባ አልጋ ልብስ ተይዞ መጥቶ ዛሬ እዚህ ጣቢያ ጠረጴዛው ላይ አይቼዋለሁ። ቃሌን የሚቀበለው መርማሪ «ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እማማ? ሁሉም አልጋ ላይ አይደል የሚነጠፈው?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ አስረድቻለሁ። አንሶላ ገላ የሚነካው ነው፤ ስለዚህም ጥጥ ሆኖ መቀቀል መቻል አለበት። የታችኛው ፍራሹን ይሸፍናል። የላይኛው በተኛው ሰውና በብርድ ልብሱ መካከል ይሆናል፤ ራስጌው ላይ ሰፊ ጠርዝ አለው፤ ይህም ጠርዝ ወደ ውጭ ተቀልብሶ አራት ጣት ያህል ይታያል። አልጋ ልብስ ግን ከሁሉ በላይ ለእንግዳ ዓይን የሚዘረጋ ነው፤ ማንም አይተኛበትም። የተያዘው ፖሊስተር የተቀላቀለበት፣ ጠርዙ በመኪና የተሰፋ፣ ጥጉ ላይ ሻይ የፈሰሰበት አልጋ ልብስ ነው። የከሪማ የራሷ ነው፤ የእኔ ሊሆን አይችልም። መርማሪው «እኔ እንኳ ያለ አንሶላ ነው የምተኛው» ብሎ ሳቀ። ደመወዝ ሲወጣ አቡጀዲ ግዛ፣ ልጄ፤ ሳቲን እንዳትገዛ አልሁት።

ማክሰኞ ወደ ማምሻው የከሪማ እኅት ረውዳ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «እማማ፣ ወላሂ ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ለወ/ሮ ፀሐይነሽ በእጃቸው ነው የሰጠቻቸው። አሽትተው ‹ጥሩ ታጥቧል› ብለዋታል እንኳ። የሚጠባ ልጅ ትታ ነው የታሰረችው፤ እኔ ጋ ሆኖ ያለቅሳል። እርስዎ ያን ቀን ባይጠይቁ ማን ይጠይቅ ነበር?» አለችኝ።

ዛሬ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጽናት ቤት ደረስሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ሰኞ ዕለት ሁለቱ ሴቶች ከአልጋው ሲነሡ ሳቲኑ ንቅንቅ አላለም። አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሳቲን እንዲህ አይቆምም፤ ይንሸራተታል፤ ሲነጋ እግርጌ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከሥሩ ጥጥ ሲኖርና ከጥጡ ጋር ሲያያዝ ግን ይቆማል። ጽናትን «ስትተኙ ይንሸራተትባችኋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ አይ! እትዬ ፀሐይነሽ እኮ ያውቁበታል» አለችኝ። የፍራሹን ጥግ አነሣሁ። ሳቲኑ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የተያዘውም ከእኔ አንሶላ ጋር ነው። ሁለቱም ተደራርበው ተነጥፈዋል። የላይኛው ተገልብጦ የጠለፍሁት ጠርዝ እግርጌ ሆኗል።

ወ/ሮ ፀሐይነሽ ከሱቃቸው ተጠርተው መጡ። «ለምን?» አልኋቸው። እንዲህ አሉ፦ «ሳቲኑን ሁለት ጊዜ አነጠፍሁት፤ ሁለቴም ወረደ። የእርስዎ ታጥፎ አጠገቤ ነበር። ሰኞ ዕለት ያን ሁሉ ሴት ፊት ሲጠይቁኝ፣ የእኔ የቆመው በእርስዎ አንሶላ ነው ልበል? ይቺ ልጅ ‹እታታ እንዲህ ታነጥፋለች፣ እታታ እንዲህ ታጥፋለች› ስትል ጆሮዬን አደንቁራዋለች!» ይህን ከእርሳቸው አፍ ስሰማ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ከሪማስ?» አልኋቸው። «አቶ ገበየሁ ይተዉታል ብዬ ነበር» ብለው አቀረቀሩ።

ጽናት እጄን ይዛ «እታታ፣ በጌታ ዝም በይ። ጓሮ ወድቆ ተገኘ እንበል። የባሌ ዘመዶች ናቸው፤ እኔ የምኖረው እዚህ ነው። ከተናገርሽ ደጄን እንዳትረግጪ» አለችኝ። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ነገር ግን ጓሮ ተገኘ ከተባለ ከሪማ ፈርታ ጣለችው ይባላል፤ ብትፈታም ከእንግዲህ ነጭ ልብስ የሚሰጣት አይኖርም። ስለዚህ ከዚያ ቤት በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

«ይህን የሚናገሩት በወ/ሮ ፀሐይነሽ ላይ ቂም ይዘው ነው?» ተብዬ ተጠይቄ፣ ቅናት እንጂ ቂም የለብኝም ብያለሁ። እርሳቸውም እንዲታሰሩ አልጠይቅም። አንሶላዎቹ የእኔ ናቸው፤ ከቤት አልወጡም። እዚያው አልጋው ላይ እንዳሉ ታይተው ይመዝገቡ፤ ወደ ጣቢያው ግን አይምጡ፤ እዚህ አቧራ ነው።

ይህ ቃል ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ «አልጋ ልብስ» ተብሎ በስሕተት የተጻፈውን «አንሶላ» አሰኝቼ፣ አንድም ነገር ሳልጨምርና ሳልደብቅ የሰጠሁት የእኔው ቃል መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ከመፈረሜ በፊት መርማሪው «ነገ ብንፈልግዎ የት እናገኝዎታለን?» ስላለኝ ይህ ተጨምሯል። ዛሬ የማድረው ረውዳ ቤት ነው። ነገ ማለዳ መጀመሪያ ሕፃኑን ከረውዳ ጋር ይዤ እዚህ በር ላይ እቆማለሁ። ከሪማ ስትወጣ አልጋ ልብሷን ተረክቤ፣ እጥፉን አስተካክዬ በእጇ እሰጣታለሁ። ቀጥዬ ጽናት ቤት እሄዳለሁ። ካልከፈተችልኝ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከከፈተችልኝ መርፌ ቁልፎቹን ነቅዬ የላይኛውን አንሶላ ወደ ቦታው አዞራለሁ። ሳቲኑን ወ/ሮ ፀሐይነሽ ባሉበት መልሼ እዘረጋዋለሁ፤ የእርሳቸው ነውና። የእኔን ጠርዝ ግን ራስጌው ላይ ቀልብሼ አራት ጣት አሳየዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ባይነሽ ደጉ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን በላቸው