ሶሊ ለፖም ለቀማ ስትሄድ

መኪናዬን ለዓመታዊው ኢንስፔክሽን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለ ጋራዥ ወስጄ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። እኔ ሰርካለም ድሮ አስተማሪ ስለነበርኩ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ እንኳ ሥርዓት ይዞ እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ በሩን በርግደው ሰተት ብለው የገቡትን ሰው ልገላምጥ ዞር ስል፣ ለካስ አበልጄ አቶ ይገዙ ናቸው። ልጃቸውን ሶሊን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ሲያዩኝ ፊታቸው በሳቅ ይሞላል፤ ያን ቀን ግን ጠቁረዋል።

«ምነው አበልጄ፣ በደኅናዎ ነው? ባለቤትዎ ስመኝስ ደኅና ናት?»

«ስመኝማ ደኅና ናት። ልጅዎ ናት ያበደችው።»

ሶሊ ዲግሪዋን የያዘች ዕለት «ልጄ» ነበረች። አሁን «ልጅዎ» ሆና ወደ እኔ ተገፍታለች። ነገሩ የከበደ መሆኑ በዚሁ ገባኝ።

«ምን አጠፋች ልጄ?»

«ሥራዋን ልትለቅ ነዋ! ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር፣ ያንን ሁሉ ቤኔፊት ጥላ ኒውዚላንድ ሄዳ ፖም ልትለቅም ነው! ሰኞ የመልቀቂያ ኖቲስ ልስጥ ትለኛለች። ኧረ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ያውቃሉ? ሰው ከአሜሪካ ወጥቶ ለቀን ሥራ ይሄዳል?»

ሰምቼ አውቃለሁ። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ወጣቶቹ መጥተው ይጠይቁኛል። «ዎርኪንግ ሆሊዴይ» ይሉታል፤ አንዳንድ አገሮች ሠላሳ ዓመት ያልዘለለውን ወጣት ለአንድ ዓመት አገሩን እየዞረ እንዲያይ፣ እግረ መንገዱንም እየሠራ ራሱን እንዲችል ይፈቅዱለታል። እኔ እንደሆንኩ ሐሳቤን መደበቅ አልችልበትም፤ ነገሩ ገና ስሰማው ደስ ብሎኛል። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሶሊ ራሷ ገባች። የአባቷ መኪና ፍሬን ተበላሽቶ ጋራዥ ስለሚያድር እሷን ጠርተዋት ኖሯል።

«እትዬ! እንደምን ነዎት?» ብላ አገላብጣ ሳመችኝና አባቷን አየት አደረገቻቸው። «ነገረዎት አይደል?»

«ነገሩኝ። ተቀመጪ። አበልጄም ይቀመጡ። ቆሞ ክርክር አልወድም።»

አቶ ይገዙ ተቀመጡና ቀጠሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ሶሊ። ከስድስት ወር በላይ ከአገር ወጥተሽ ስትመለሺ ኤርፖርት ላይ አናስገባም ቢሉሽስ?»

ሳቄ አመለጠኝ። «ኧረ አበልጄ! ያ እኮ የግሪን ካርድ ሕግ ነው። እሷ እዚሁ የተወለደች ዜጋ ናት፤ ማን ይከለክላታል?»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ራሳቸውም ፈገግ እያሉ፤ «ግን ሆዴ አያውቅም። ይህን አገር ያገኘነው በመከራ ነው። የወጣሁበት በር ይዘጋብኛል እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።»

«ዳዲ፣ አይ ኖው፣ ይገባኛል» አለች ሶሊ ለስለስ ብላ። «ግን ቢሮ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ኮምፒውተር ላይ ነዋ።»

«የታመመ ሰው ይደውልልኛል። እኔ ኢንሹራንስህ አይሸፍንም እለዋለሁ። በቃ፣ ሥራዬ እሱ ነው። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ኮል አደረጉ፤ እንግሊዝኛ ስለቸገራቸው በአማርኛ አነጋገርኳቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው! የባላቸው መድኃኒት ነበር። አይሸፈንልዎትም አልኳቸው። ‹እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ› ብለው ዘጉት። ምን ስለሰጠኋቸው? መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።»

አቶ ይገዙ አንገታቸውን ደፉ። ይህን አልሰሙም ነበር። እኛ ወላጆች ልጆቻችን የት እንደሚሠሩ ለሰው ስንናገር አፋችን ይጣፍጠናል እንጂ ምን እንደሚሠሩ መች እንጠይቃለን?

«እንግዲያው ሌላ ቢሮ ፈልጊያ» አሉ ቀስ ብለው።

«እፈልጋለሁ፤ ስመለስ። ምናልባትም ነርሲንግ እማራለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ አየር ልቀበል። ሠላሳን ካለፍኩ ደግሞ ፈቃዱን አይሰጡኝም።»

«ለሰው ምን እላለሁ ሶሊ? እኔ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሳቆም የኖርኩት አንቺ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው። እሺ፣ ሂጂ እንኳ ብል... ለማስተርስ ነው የሄደችው ልበል?»

«ኖ! እንዳትዋሽልኝ ዳዲ። ፖም ለቀማ ውርደት አይደለም። ደግሞ ሳትመርቀኝ አልሄድም። እማዬ መርቃኛለች። አንተ እምቢ ካልክ ሰኞ ኖቲስ አልሰጥም፤ እዚያው ቢሮ እቀመጣለሁ።»

አሜሪካ የተወለደ ልጅ የአባት ቃል አይገደውም የሚሉ ሁሉ ያን ሰዓት እዚያ ጋራዥ በነበሩ! ልጅቱ ልትጓዝበት ያሰበችውን ዓመት እንዳለ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አቶ ይገዙ ዝም ብቻ ቢሉ አሸነፉ ማለት ነው። ዝም ብለውም ተቀመጡ። ንዴቴ መጣ።

«አበልጄ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎስ አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፤ መዝገብ ቤት።»

«ወንበር ነበረዎት?»

«ነበረኝ።»

«እሱን ጥለው ለምን መጡ?»

«ዲቪ ደረሰኛ!» አሉ ቆጣ ብለው።

«አባትዎ ምን አሉ?»

የጋራዡ ሠራተኛ የመኪናዬን ቁልፍ ሊሰጠኝ መጣ፤ ተቀብዬው ቦታዬ ላይ ቀረሁ። ሶሊ አባቷን ትኩር ብላ ታያቸዋለች።

«አልነገርኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ጉዞ አይወራም፣ ዓይን ይበላዋል ይባል የለ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ወንበር ጥለህ የት ነው እንዳይለኝ ፈራሁ። ለመስክ ሥራ ነው የምሄደው፣ ማክሰኞ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ። ስንቅ አሲዞኝ በር ድረስ ሸኘኝ። ማክሰኞ ማታ እህቴን ምግቡን አቆዪለት ብሏት ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ በዓይነ ሥጋ አልተገናኘንም። ሞቱን እዚህ፣ ሥራ ላይ ሆኜ በስልክ ሰማሁ።»

ሶሊ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። «ዳዲ... ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ምኑን ልንገርሽ።»

እኔም ዓይኔን ጠርጌ እንዲህ አልኩ፦ «እንግዲህ ይስሙኝ አበልጄ። አባትዎ ቢነገራቸው ኖሮ፣ ቢቆጡም አኩርፈው አኩርፈው ይመርቁዎት ነበር። ያን ዕድል የነፈጋቸው መደበቁ ነው። ይህች ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት መጥታ ነገረችዎት። ‹ለኦፊስ ትሬይኒንግ ነው› ብላ ሹልክ ብትል ይሻልዎት ነበር? እርስዎ ያጡትን ይዛልዎት መጥታ እንዴት እምቢ ይባላል? የወንበሩም ነገር ቢሆን፣ መኪና እያቆሙ ነው ያሳደጓት። ታዲያ ሥራ ምኑ ያሳፍራል?»

አቶ ይገዙ ወደ ሶሊ ዞረው፣ «ፖሙን በምንድን ነው የምትለቅሚው?» አሉ።

«በእጅ ነዋ ዳዲ።»

«ዛፉ አይረዝምም?»

«መሰላል አለው።»

«መሰላሉን ሳትረግጪ በፊት ነቅነቅ አድርጊው። ጫማም ጥሩ ጫማ ያስፈልግሻል፤ ይሄ ያደረግሽው አይሆንም።»

ሶሊ ጮኻ አቀፈቻቸው። የጋራዡ ሠራተኞች ምን ሆኑ ብለው ብቅ አሉ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ እወይዘሮ ትብለጥ ቤት የማኅበራችን ተራ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ ወይዘሮ ትብለጥ፣ «ሶሊ ለማስተርስ ልትሄድ ነው ሲባል ሰማን፤ እሰይ!» አሉ። ማን እንዳስወራው አላውቅም። ስመኝ ሳህኗን ትክ ብላ አየች።

አቶ ይገዙ ብድግ አሉ። «የለም እመቤቴ። ለማስተርስ አይደለም። ሥራዋን ለቃ፣ እየሠራች አገር ልታይ ነው። ፖም ልትለቅም ነው የምትሄደው።»

«እኔም» ብለው ቀጠሉ፣ «እዚህ አገር ስመጣ መኪና ነበር የማቆመው። አገር ቤት ላለው ሰው ግን ቢሮ ነው የምሠራው ብዬ አስወርቻለሁ። እስቲ አሁን እንኳ ይብቃን።»

ይህን ጊዜ ወዲያ ጥግ የተቀመጡት አቶ ምናሴ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉና፣ «ሎው ስኩል ገባ፣ ሕግ ይማራል ያልኳችሁ ልጄ ሄኒ» አሉ፤ «ኡበር ነው የሚነዳው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ማን ዝም ይበል! የአንዱ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ሆኗል፣ የአንዷ ልጅ ትምህርት አቋርጣለች። ሁሉም ብቻውን ተሸክሞት የኖረውን እያወጣ አስቀመጠው። ሄኒ የሚይዘው ሥራ እንዲያገኝ ወይዘሮ ትብለጥ ወንድማቸውን ሊያነጋግሩለት ቃል ገቡ። ሲደበቅ ማን ያግዘው ነበር? እኔ መቼም አስተማሪ ነኝና ሳልናገር አላልፍም፦ በእጅ የተሠራ ሥራ አያሳፍርም፤ ወጣት ዓለምን አይቶ ሲመለስ የሚሆነውን ከማይሆነው ለይቶ ይመለሳል፤ ነግሮ የወጣ ልጅ ደግሞ ሲቸገር ለመደወል አያፍርም። ይህን ሁሉ እዚያው ተናገርኩ፤ የሰማኝ ግን ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ያወራ ነበር።

ሶሊ ሄዳ አባቷ ፊት ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ዝም ተባለ። አቶ ይገዙ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም።

«አበልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ «መንገደኛ ሲመረቅ በምን ይጀመራል? እኔን የመረቀኝ የለም።»

«በመጣልዎት ይጀምሩ» አልኳቸው።

«እንግዲህ...» አሉ፤ «ሂጂ ልጄ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። በደረስሽበት እናትና አባት የሚሆንሽ ሰው አይጥፋ። ሲደላሽ ቆዪ፣ ሲከፋሽ ነይ፤ ለምን መጣሽ የሚልሽ የለም። የት እንዳለሽ አውቄ አድራለሁ።»

«አሜን» አልን ሁላችን። እሳቸውም እጃቸውን ከራሷ ላይ ሳያነሱ፣ ከእኛ ጋር አብረው «አሜን» አሉ።